አሮጌው ካሜራ ወደ አዲሱ ጥበብ ሊለወጥ ይችላልን?

በብዙ ቤት ውስጥ አባት ወይም አያት የተገለገሉበት የፊልም ካሜራ በቍም ሣጥን ተቀምጦ ይገኛል። አካሉ ጠንካራ፥ ሌንሱ ጥሩ፥ መዝጊያውም ገና የሚሠራ ነው። ልጆች ይህን ባዩ ጊዜ፥ «ፊልሙን ትተን ዲጂታል ብናደርገውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም ታላላቅ ፋብሪካዎችን ያደከመ ነውና፥ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ካሜራ ብርሃን የማይገባበት ሣጥን ነው። ሌንሱ ብርሃኑን ይሰበስባል፤ መዝጊያው ለቅጽበት ይከፈታል፤ በስተኋላ የተዘረጋው ፊልም ምስሉን ይቀበላል። በዲጂታል ካሜራ በፊልሙ ፈንታ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ሴንሰር ገብቷል። እንዲህ ሲሉት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፊልም ብርሃን በነካው ጊዜ ያለ ትእዛዝ ይሠራል፤ ሴንሰር ግን መዝጊያው የሚከፈትበትን ቅጽበት ማወቅ፥ ባትሪና የምስል ማከማቻም ማግኘት አለበት። ደግሞም የሴንሰሩ ፊት ቀድሞ ፊልሙ ባረፈበት ስፍራ በትክክል ካልዋለ ምስሉ ይደበዝዛል። ከፊቱ መስተዋት፥ ከኋላውም የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ስላለው፥ ለስሱ ፊልም በተበጀው ጠባብ ስፍራ መግባት ያስቸግረዋል።

ቢሆንም ሙከራው አልታጣም። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 በሠራው ዲጂታል ካሜራ ላይ የገጠመው ሌንስ ከተንቀሳቃሽ ፊልም ማንሻ የተወሰደ ነበር፤ መሣሪያው 3.6 ኪሎ ይመዝናል፥ አንዱን ምስል በካሴት ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ1991 ይኸው ኩባንያ የኒኮን ኤፍ 3 የፊልም ካሜራን አካል ወስዶ ባለ 1.3 ሜጋፒክሰል ሴንሰር አገባበት፤ ነገር ግን የምስሉ ማከማቻ በትከሻ የሚነገት ሌላ ሣጥን ነበር። በ1998 በአሜሪካ እንደ ፊልም ጥቅል በካሜራው ውስጥ የሚገባ ዲጂታል መሣሪያ እንደሚወጣ ተነገረ፤ ሲሊከን ፊልም የተባለው ይህ ድርጅት ግን ዕቃው ለገበያ ሳይደርስ በ2001 ሥራውን አቆመ። በ2005 ላይካ ለአር 8 እና ለአር 9 ካሜራዎቹ ባለ 10 ሜጋፒክሰል የዲጂታል ጀርባ አቀረበ፤ እርሱም በ2007 ቆመ። ሥራው በደንብ የተሳካው እንደ ሐሰልብላድ ባሉት ትላልቅ ካሜራዎች ነው፤ የፊልም መያዣቸው ከመጀመሪያው ተነቃይ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ እርሱን አንሥቶ የዲጂታሉን መተካት ይቻላል። ዋጋው ግን ለተራ ቤተ ሰብ የሚቀመስ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የአባትን ካሜራ ፈታትቶ ማበላሸት አይገባም። 35 ሚሊሜትር ፊልም ዛሬም ይሠራል፥ ይሸጣል፤ ስለዚህ ካሜራው እንዳለ ሊያገለግል ይችላል። ሌንሱ ተነቃይ ከሆነ ደግሞ በማገናኛ ቀለበት በብዙ አዳዲስ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ይገጠማል። ርቀቱንና የብርሃኑን ልክ በእጅ ማስተካከል ቢያስፈልግም፥ በትዕግሥት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊለወጥ የሚገባው ግን ካሜራው ሳይሆን ካሜራው ያነሣው ነው። ሌላ ካሜራ ይገዛል፤ የጠፋ ኔጋቲቭ ግን አይገዛም። የቀለም ፊልም በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፥ እርጥበትም ሻጋታ ያመጣበታል። ስለዚህ ኔጋቲቩን በጠርዙ ብቻ ይዞ፥ አቧራውን በቀስታ አራግፎ፥ በስካነር መቅዳት ወይም ከበስተኋላው ነጭ ብርሃን አብርቶ በቅርብ በሚያነሣ ዲጂታል ካሜራ ማንሣት ይቻላል። ቅጂው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ይቀመጥ፤ ዋናው ኔጋቲቭም ደረቅ፥ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ስፍራ ይጠበቅ እንጂ አይጣል።

በምስሉ ያሉትን ሰዎች ስምና ዘመኑን ደግሞ ምንም መሣሪያ አይነግረንም። ይህን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው ይጻፍ፤ ስሙ የጠፋበት ፎቶግራፍ የቱንም ያህል ቢጠራ ለልጅ ልጅ የእንግዳ ሰው መልክ ነውና።