የኮልፌው ሽጉጥ የት ገባ?

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ኢላማ ተኩስ ይለማመዱ ነበር። ሥልጠናው ስድስት ወር ይፈጃል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ ሁለት ወር ገደማ እንደሆነው ከድርጅታቸው «ቶሎ ተመለስ» የሚል መልእክት መጣ። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሸለሟቸው። ማንዴላ አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ታሰሩ። ሽጉጡ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሊሊስሊፍ በሚባል እርሻ ውስጥ ተቀብሯል ተብሎ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ መሬቱ ተቆፍሮ ተፈለገ። አልተገኘም።

የአንድ ታዋቂ ሰው ሽጉጥ እንዲህ ደብዛው ከጠፋ፣ አየር ጤና ወይም ቤተል አንድ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ሥር የተወሸቀውን ማን ያውቀዋል? በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከመሣሪያ ጋር የተያያዘው የመንግሥት ሥራ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህችው ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ክፍለ ከተማው የመሣሪያ ሕግ አያወጣም። ሕጉ የፌዴራል ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ33,000 በላይ ሽጉጥና 300,000 ጥይት መያዙን ተናግሮ ነበር። አዋጁ ለፈቃድ የዕድሜ ገደብ አስቀመጠ፤ ግለሰብ ለግለሰብ መሣሪያ መሸጥንም ከለከለ። ፖሊሱም ቢሆን የክፍለ ከተማው አይደለም፤ በከተማዋ ቻርተር የአዲስ አበባ ፖሊስ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው።

ታዲያ ለወረዳው ምን ተረፈው? ሰውን ማወቅ።

ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ኮልፌ ቀራኒዮ የከተማዋ ምዕራባዊ በር ነው። በጅማ መንገድ የመጣ መኪና ዓለም ገናን አልፎ የሚገባው በአየር ጤና በኩል ነው፤ ድንበሩን ሲሻገሩ ደግሞ ቀድሞ ቡራዩና ሰበታ ይባሉ የነበሩት፣ አሁን በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሠፈሮች ይቀጥላሉ። አንዱ መንገድ ዳር የአዲስ አበባ ፖሊስ፣ ማዶው የኦሮሚያ ፖሊስ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ግን አንድ የታክሲ ጉዞ ይበቃል። ስለዚህ ወረዳው የሚተማመነው በመንደር ደረጃ በተዘረጋው መዋቅር ነው፤ በብሎክ የተደራጀው ነዋሪ፣ የማኅበረሰብ ፖሊሱ፣ በየሌሊቱ ዱላና ባትሪ ይዞ የሚዞረው ሮንድ። ከሁሉም በላይ አከራዩ። ቤት የሚያከራይ ሰው የተከራዩን ማንነት ለፖሊስ እንዲያሳውቅ በተደጋጋሚ ይነገረዋል። ግቢው ውስጥ ስድስት ክፍል ያላቸው እማማ፣ ማን ሌሊት እንደሚገባና የማን ሻንጣ ከወትሮው እንደከበደ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። መናገራቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነገ ከዚያው ሰው ጋር ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ።

ይህ መዋቅር ከሁሉ በላይ የተፈተነው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወደ መሐል አገር እየቀረበ ነበር፤ በዚያው ዕለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮም መሣሪያ ያለው ነዋሪ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ በአቅራቢያው ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። መመሪያው አንድ እንግዳ ነገር ነበረው። ያው መግለጫ ነዋሪው ተደራጅቶ አካባቢውን እንዲጠብቅ ይጠራል፤ መሣሪያ እያለው በጥበቃው መሳተፍ የማይችል ሰው ለመንግሥት ወይም ለቅርብ ዘመዱና ለወዳጁ እንዲሰጥ ይመክራል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሽጉጥን ለጎረቤት ማዋስ የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ የጠመንጃን ጉዳት ለመቀነስ ከሚያዝ መዝገብ ጋር አንድ አይደለም። አንዱ ክላሹ ለዘብ ይበቃል ወይ ይላል፤ ሌላኛው ልጅ የማይደርስበት ቦታ ተቆልፎበታል ወይ፣ ጥይቱስ ከካዝናው ወጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በአስቸኳይ ጊዜው የተካሄደው የቤት ለቤት ፍተሻም የራሱን ጠባሳ ትቷል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ሰሞን የተካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገልጾ ስጋቱን አሰምቷል። በሩ ሲንኳኳ የሚፈራ ሰው ደግሞ ያለውን መሣሪያ ሊያስመዘግብ በገዛ እግሩ ጣቢያ አይሄድም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጊዜው ቀድሞ ተነሣ።

የመሣሪያ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሌለው የከተማ አስተዳደር ምን ማድረግ ይችላል ለሚል፣ ብራዚል ውስጥ ሳኦ ፓውሎ አጠገብ ያለችው ዲያዴማ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያም የመሣሪያ ሕግ የፌዴራል ነው። ከተማዋ ግን በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጠጥ ቤቶች ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ አልኮል እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ግድያው የሚበዛው መጠጥ ቤቶች አካባቢ በምሽት መሆኑን አይታ ነው። ከዚያ በኋላ የግድያው ቁጥር በጉልህ ወረደ። ሽጉጡን ሳይነኩ፣ ሽጉጡ የሚመዘዝበትን ሰዓት ነኩት።

ኮልፌ ላይ ለዚህ የሚቀርበው የበዓል ሰሞን ሥራ ነው። ሽጉጥ የሚመዘዝበት ሰዓት እንዳለ ሁሉ ተኩስ ከርችት የማይለይበት ሌሊትም አለ፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የተሰማው ድምፅ የቱ እንደሆነ ለጣቢያ የሚደውል ሰው እንኳ አይለየውም። ፖሊስ ርችት መተኮስ ክልክል መሆኑን ደጋግሞ የሚያስታውቀውም ለዚህ ይመስላል። በጥምቀት ደግሞ ታቦታቱ ወደሚያድሩበት ሜዳ በሚወስዱት መግቢያዎች ላይ ገመድ ይወጠራል፤ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ትፈትሻለች። ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦዋን ታሳያለች፣ ፈታሿ ልጅ የአሮጊቷን ብብት ሥር በእጇ ዳብሳ «ይለፉ እናቴ» ትላለች፤ ከኋላ ያለው ወጣት እጁን ወደ ላይ ያነሣል።