የስፖርት ሕክምናን ከባለሙያው ጎን ሆኖ ማወቅ

በአገራችን እግር ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው ወጌሻ ነው። የስፖርት ሕክምና ግን ከዚያ ይሰፋል። ሐኪምም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ይሠሩበታል።

በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ ሆኖ ይህን ሙያ የሚያስብ ተማሪ፣ ዓመታት የሚፈጀውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ቀናት ከባለሙያ ጋር ቢውል ይጠቀማል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ሲሆን፣ ሼህ ሐሰን ያበሬ ሪፈራል ሆስፒታልም የማስተማሪያው ነው። በፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ለሚፈልግ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ።

የመጀመሪያው እርምጃ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የተፈቀደለት ተማሪ ያያል እንጂ ታካሚ አይነካም፤ ታካሚው ካልወደደ ይወጣል፤ የሰማውንም ለማንም አያወራም። ሶማሊኛ መቻል ደግሞ ታካሚው ሕመሙን በራሱ አንደበት ሲናገር ለመስማት ይረዳል።

ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ወራት ነው። የፊት የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ተጫዋች ወደ ውድድር ከመመለሱ በፊት ቢያንስ 9 ወር እንዲቆይ ይመከራል። በእነዚህ ወራት ውስጥ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በየቀኑ ይደጋገማል። ጭብጨባ የለም።

ሜዳ ላይ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ መናወጡ የተጠረጠረ ተጫዋች በዚያው ቀን መመለስ የለበትም። አሠልጣኙ፣ ደጋፊውና ተጫዋቹ ራሱ «ይግባ» ሲሉ «አይገባም» ማለት የሐኪሙ ድርሻ ነው። ተማሪው ይህን አይቶ «እኔስ እችለዋለሁ?» ብሎ ራሱን ከጠየቀ፣ የዋለባቸው ቀናት በከንቱ አልጠፉም።