ሥጋውን ያቀለጠው ብርድ

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከውስጥ ስቦ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ይህን ለዓመታት ሳስተምር ብኖርም፣ አንድ ጉዳዩን በሚገባ ያስተዋልሁት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሚኖሩት አክስቴ ቤት ነው። በኅዳር ወር በፍሪዘሩ የተቀመጠው ሥጋ ይለሰልስ ጀመር። የታችኛው ክፍል ግን እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ነበር። የተጠራው ጠጋኝ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሞላ፤ ዋጋውንም ተቀበለ። ሥጋው እንደገና ቀለጠ። አክስቴም ፍሪጁን ለመሸጥ ተነሡ።

ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም፣ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ በ90 ግድም እንደሚፈላ አንባቢ ያውቃል፤ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ መፍያው ዝቅ ይላልና። የፍሪጁ ፈሳሽም ግፊቱ ዝቅ ባለበት በውስጠኛው ቱቦ እየፈላ ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ተኑን ሲያምቀው በጀርባው ቱቦ ሙቀቱን ለቆ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ጋዙ ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። በሾለከ ፍሪጅ ላይ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ጀርባው ግን እምብዛም አይሞቅም። የአክስቴ ፍሪጅ በተቃራኒው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ሲነሣም ጀርባው ይሞቃል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የወጥ ቤቱን ሙቀት ብለካው 10 ዲግሪ ሆነ። ምሥጢሩ ይኸው ነበር። ወደ ፍሪጅ የሚገባው ሙቀት ከውጭና ከውስጥ ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲሆን፣ 4 ዲግሪ ለሆነው የታችኛው ክፍል ልዩነቱ 21፣ ከዜሮ በታች 18 ለሆነው ፍሪዘር 43 ነው። ክፍሉ ወደ 10 ሲወርድ የመጀመሪያው ወደ 6፣ ሁለተኛው ወደ 28 ይወርዳል። የታችኛው ፍላጎት ከሲሶ በታች ሲሆን የፍሪዘሩ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀራል። እንዲህ ባሉ ፍሪጆች ቴርሞስታቱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተተከለው ከታች ነው። ታችኛው ጠገብሁ ሲል ኮምፕሬሰሩ ያርፋል፣ ፍሪዘሩም ይራባል።

ለዚህ ነው ፋብሪካዎች በውስጥ በኩል በተለጠፈው ወረቀት የአየር ጠባይ ደረጃ የሚጽፉት። «ቲ» የተባለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ላለ ክፍል፣ «ኤስኤን» የተባለው ደግሞ ከ10 እስከ 32 ድረስ የተሠራ ነው። አፍሪካ ሁሉ ሞቃት ናት ብሎ ለሚያስብ ሻጭ የእንጦጦ ሌሊት አይታየውም። አንዳንድ አምራቾች ለብርድ ጊዜ ከታችኛው ክፍል ትንሽ አምፖል የሚያበራ ማብሪያ ያክላሉ፤ አምፖሉ ቴርሞስታቱን አታሎ ኮምፕሬሰሩን ያስነሣዋል። ለማቀዝቀዝ ማሞቅ!

ፍሪጁን ወደ ሳሎን አዛወርነው፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ዘይቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ለጥቂት ሰዓታት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተውነው። የጀርባውን አቧራ ጠረግን፣ ከግድግዳውም አራቅነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን አምስት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፤ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ሳይመጣጠን የሚነሣ ሞተር ሊነቅ ይችላልና። በረዶውንም አክስቴ ከእንግዲህ በቢላ አይፍቁትም፤ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ያለው አይሶቡቴን ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። በሦስተኛው ቀን ሥጋው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ተገኘ።