ኮድ፣ መስክ፣ ላቲስ፦ ስለ ተግባራዊ አልጀብራ ሙያዊ ቃላት

በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ወጣ ብሎ በጉብሬ ይገኛል። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሂሳብ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያለ የሂሳብ ተመራማሪ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን ከባልደረባው ጋር ሲመክር ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን የሚያፍታታው በአማርኛ ነው፤ የጉራጌ ተወላጅ ከሆነም በቤቱ ቸሀኛ፣ መስቃንኛ ወይም ክስታንኛ ይናገር ይሆናል። እንግዲህ አንድ የአልጀብራ ጽንሰ ሐሳብ ሦስት ቋንቋዎችን ይሻገራል ማለት ነው። በመሻገሪያው ላይ የቆመው ቃል ስንኩል ከሆነ ሐሳቡም አብሮ ይሰነካከላል። ይህ ጽሑፍ በተግባራዊ አልጀብራ፣ ይኸውም የስሌትን ሕግጋት ለመልእክት ማስተላለፍና ለምስጢር ጥበቃ በሚያውለው የጥናት ዘርፍ፣ ተርጓሚን የሚያስቸግሩ ሦስት ቃላትን ይመረምራል።

ሀ. ኮድ

በቡታጅራ ገበያ ገንዘብ በስልክ የሚቀበል ነጋዴ «ኮድ» ሲባል የሚረዳው ለማንም እንዳይነግር የሚታዘዘውን የማረጋገጫ ቁጥር ነው። በዚህ አነጋገር ኮድ ምስጢር ነው። በአልጀብራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮድ ማለት መልእክት በመንገድ ላይ ቢበላሽ ስሕተቱ እንዲታወቅ ወይም እንዲታረም ትርፍ ምልክቶች የሚጨመሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሕጉም ለላኪ፣ ለተቀባይና ለማንኛውም ሰው የተገለጠ ነው። ለምሳሌ 0ን «000»፣ 1ን «111» ብለን ብንልክና «010» ቢደርስ፣ የተበላሸው አንድ አኃዝ ብቻ እንደ ሆነ ከወሰድን ተቀባዩ በብዙኃኑ ድምፅ 0 እንደ ተላከ ያውቃል። በዚህ የመደጋገም ዘዴ አራት አኃዞችን ለመላክ 12 አኃዞች ያስፈልጋሉ። ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ግን በአራቱ ላይ ሦስት መፈተሻ አኃዞች ቢጨመሩ፣ በጠቅላላው በ7 አኃዞች፣ አንድ ስሕተት ሊታረም እንደሚችል አሳይቷል።

ንግግርን መሰወር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ ምስጢራዊ ቋንቋዎች ባሳተመው መጽሐፍ በጉራጌ የሚነገሩትንም መዝግቧል። ልጆች የሚጫወቱበት «የወፍ ቋንቋ»ም፣ በየክፍለ ቃሉ ላይ የ«ዘ»ን ድምፅ እየጨመረ ንግግሩን ከባዕድ ጆሮ ይሰውራል። ሁለቱም፣ የወፍ ቋንቋና የሃሚንግ ኮድ፣ በመልእክቱ ላይ ትርፍ ነገር ይጨምራሉ፤ ዓላማቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንደኛው ሰሚው እንዳይረዳ፣ ሁለተኛው ሰሚው እንዳይሳሳት ነው። በመሆኑም ለመሰወሩ ተግባር «ምስጠራ»፣ ለማረሙ ተግባር «ስሕተት አራሚ ኮድ» ማለት ይገባል። ለኋለኛው «የምስጢር ኮድ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ፍቺውን ገልብጦታል።

ለ. መስክ

እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጨረሻ የመጻሕፍት ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር 10 አኃዝ ነበረው። አኃዞቹ በቅደም ተከተል ከ10 እስከ 1 ባሉት ቁጥሮች ተባዝተው ሲደመሩ ድምሩ ያለ ቀሪ ለ11 መካፈል ነበረበት። 11 ብቸኛ ቁጥር ስለ ሆነ፣ ለእሱ በማካፈል ከሚገኙት ቀሪዎች መካከል ዜሮ ያልሆኑ ሁለቱ ተባዝተው ዜሮ አይሆኑም። ስለዚህ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ወይም ሁለት የተለያዩ አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ስሕተቱ ሳይታወቅ አያልፍም። ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ግን አካፋዩ 10 ነው፤ ማባዣዎቹም 1 እና 3 እየተፈራረቁ ነው። 2 በ5 ሲባዛ 10 ስለሚሆን ቀሪው ዜሮ ነው። በዚህም ምክንያት «16» በስሕተት «61» ተብሎ ቢጻፍ መፈተሻው አይነቃበትም።

የ11 ቀሪዎች ያላቸው፣ የ10 ቀሪዎች የሌላቸው ይህ ባሕርይ፣ ይኸውም ዜሮ ላልሆነ ለማንኛውም አባል ማካፈል መቻሉ፣ በእንግሊዝኛ «ፊልድ» የሚል ስያሜ አለው። በቀጥታ «መስክ» ብሎ መተርጐም ይቀላል። ነገር ግን «መስክ» በፊዚክስ «የማግኔት መስክ» በሚለው ተይዟል፤ «ንዑስ መስክ» ቢባልም አንባቢው የትምህርት ዘርፍ ይመስለዋል። ዴዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1871 ለዚሁ ጽንሰ ሐሳብ የሰጠው የጀርመንኛ ስም «ኮርፐር»፣ ማለትም «አካል» ነው፤ ፈረንሳይኛውም «ኮር» ይለዋል። ሁለቱም ቋንቋዎች ለፊዚክሱ ሌላ ቃል አላቸው። ስለዚህ ለአማርኛም «አካል» የተሻለ ይመስላል፤ «ንዑስ አካል» የሚለውም ያለ ችግር ይከተለዋል።

ሐ. ላቲስ

በዚህ ቃል እንግሊዝኛው ራሱ ሁለት ነገሮችን አደባልቋል። የመጀመሪያው ማንኛቸውም ሁለት አባላት የቅርብ የበላይና የቅርብ የበታች የሚያገኙበት የቅደም ተከተል ሥርዓት ነው። ለምሳሌ ከ12 አካፋዮች መካከል የ4 እና የ6 የቅርብ የበላይ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 12፣ የቅርብ የበታች ደግሞ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 2 ነው። የሕንድ ሊቃውንት ስዋሚና ራኦ እ.ኤ.አ. በ1981 የዚህን ሥርዓት አንድ ዘርፍ አስፍተው ያቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም የበርካታ ጽሑፎች ርእስ ሆኗል። ሁለተኛው በጠፈር ውስጥ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ካጸደቀቻቸው አዳዲስ የምስጠራ ደረጃዎች አንዳንዶቹ በእነዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ፈረንሳይኛ ፊተኛውን «ትሬዪ»፣ ኋለኛውን «ሬዞ» ብሎ ይለያቸዋል። በአማርኛም የመስኮት ብረት አደራደርን የሚያስታውሰው «ፍርግርግ» ለነጥቦቹ ይስማማል። ለቅደም ተከተሉ ሥርዓት ግን የሚመጥን ቃል እስኪገኝ ውሰት ቃሉን «ላቲስ»ን መጠቀም ይሻላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሙያዊ ቃል ከመቅረቡ በፊት በሦስት ጥያቄዎች መፈተን እንዳለበት ነው፦ ከጎረቤት ሙያ ቃል ጋር ይጋጫልን? ተወላጅ ቃላትን ያለ አሻሚነት ያስገኛልን? ከእንግሊዝኛ ቃሉ ወይስ ከጽንሰ ሐሳቡ ተተረጐመ? የቋንቋ ባለሙያ ብቻውን ሦስቱንም ሊመልስ አይችልም፤ የሂሳቡ ባለሙያም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ሰሌዳ ፊት ሊቀመጡ ይገባል። እዚህ የቀረቡት ቃላትም ለዚሁ ውይይት መነሻ እንዲሆኑ የታሰቡ ናቸው።