ያረጀ የእንግሊዝ አውቶሞቢል ስለ መምረጥ ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

በቅሎ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ግላሷና ኮርቻዋ ስላማረ ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም። ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን ያያል፤ ጥርሷን ከፍቶ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ሰኰናዋን አንሥቶ ይመለከታል፤ ከዚያም በኋላ አስኪዶ አካሄዷን ይመረምራል። ይኸው ሰው ግን ቀለሙ የሚያንጸባርቅ አሮጌ አውቶሞቢል ባየ ጊዜ ጥበቡን ሁሉ ይረሳና ገና ሞተሩ ሳይነሣ ልቡን ለሻጩ ያስረክባል። ስለዚህ ኤም ጂ ቢ የተባለውን የእንግሊዝ አውቶሞቢል ከአሮጌዎቹ መካከል መርጦ ለመግዛት ላሰበ ቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር ዛሬ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

አሮጌ አውቶሞቢል መውደድ ነውር አይደለም። አባት በዕረፍቱ ቀን ከልጁ ጋራ ሆኖ ሞተር ሲጠግን ቢውል ለሁለቱም መልካም ትምህርት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከቤት የሚወጣ ስለ ሆነ፥ በላዩም ባልና ሚስት ስለሚሳፈሩበት፥ አመራረጡ የአንድ ሰው የደስታ ነገር ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም።

ኤም ጂ ቢ የተሠራው ለኦክስፎርድ ቅርብ በሆነችው በአቢንግደን ከተማ ነው። በ1962 ዓመት ለሕዝብ ታይቶ እስከ 1980 ድረስ ሲሠራ ቆየ፤ በዚህም ዘመን ውስጥ ቍጥሩ ከ500,000 አለፈ፤ የሚበዛውም ወደ አሜሪካ ተሸጠ። ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጣራው ሸራ ሆኖ የሚገለጥ፥ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። ሁለተኛው በ1965 የወጣው ጂ ቲ የተባለው ሲሆን ጣራው ብረት ነው፤ ከኋላውም ዕቃ የሚያስገቡበት በር አለው። በጂ ቲ ላይ ከነጂው ኋላ ትንሽ መቀመጫ ቢኖርም ለሕፃናት እንጂ ለአዋቂ አይበቃም፤ ያለ መታጠቂያም የተሠራ ስለ ሆነ አባትና እናት መታጠቂያ ሳያስገቡ ልጆቻቸውን በዚያ ባያስቀምጡ ይሻላል። ሞተሩ አራት ሲሊንደርና 1,798 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያለው፥ አሠራሩ ቀላል የሆነና በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬድ የሚችል ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው። የዚህ አውቶሞቢል ሞተር ቢደክም ሌላ ይገኛል፤ ካምቢዮው ቢበላሽ ይታደሳል፤ የመቀመጫው ልብስ፥ የሸራው ጣራ፥ መብራቱም ሳይቀር እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። የአካሉ ብረት የዛገ እንደ ሆነ ግን የብየዳውና የቀለሙ ዋጋ አውቶሞቢሉ ራሱ ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል። ኤም ጂ ቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ሻንሲ ሆኖ ጭነቱን ሁሉ ይሸከማል። ይልቁንም ጣራው በሚገለጠው ዓይነት ላይ፥ የፊቱንና የኋላውን ክፍል አያይዞ የሚይዘው በበሮቹ ሥር ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኛው ጎማ የተዘረጋው፥ ከድርብ ቆርቆሮ የተሠራ ሣጥን ነው። ይህን እኛ ደፍ ብለን እንጠራዋለን። ደፉ የበሰበሰ አውቶሞቢል ምሰሶውን ምስጥ እንደ በላው ቤት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የቆመ ይመስላል፤ ግጭት በደረሰ ጊዜ ግን ተሳፋሪውን ሊጠብቅ አይችልም።

ደንበኛው አጠጋገን አካሉን በድጋፍ አቁሞ፥ የበሰበሰውን ቆርጦ አውጥቶ፥ ከውስጠኛው ቆርቆሮ ጀምሮ ሁሉንም በአዲስ መተካት ነው። አታላይ ጠጋኝ ግን በበሰበሰው ላይ አዲስ ቆርቆሮ ይደርብበታል፤ ክፍተቱንም በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል። ይህን ተንኰል ለመለየት የሚከተለውን ማድረግ ይገባል። በመጀመሪያ በበሩና በኋለኛው ክንፍ መካከል ያለውን ክፍተት መመልከት ነው፤ ከላይ ጠብቦ ከታች የሰፋ እንደ ሆነ አካሉ መካከሉ ላይ ጐብጧል ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ባለንብረቱ ሲፈቅድ አውቶሞቢሉን በክሪክ አስነሥቶ በሩ እንደ ቀድሞው የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን መፈተን ነው። ሦስተኛ፥ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በደፉና በክንፎቹ ግርጌ ላይ ማስጠጋት ነው፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ስፍራ ከቀለሙ በታች ያለው ስቱኮ ነው። አራተኛ፥ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፥ ከመቀመጫዎቹም ኋላ የባትሪውን ሣጥን ማየት ነው፤ ውሃና አሲድ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ስፍራ ይበላዋልና። ከፊተኛው ጎማ ኋላም ጭቃ ተከማችቶ እርጥበት የሚይዝበት ስፍራ ስላለ እርሱም ይታይ።

ይህን ምርመራ ያጠበቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ2018 ጀምሮ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈና ታላቅ ለውጥ ያልተደረገበት አውቶሞቢል በየዓመቱ ከሚደረገው የመንግሥት ምርመራ ነጻ ሆኗል። ባለንብረቱ በፈቃዱ ካላስመረመረው በቀር፥ ብዙ ዓመት ሆዱን ማንም ሳያየው ሊሸጥ ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ገበያ ነው።

የተሠራበትን ዘመን መለየትም ይጠቅማል። እስከ 1964 መጨረሻ ድረስ የተሠሩት ሞተሮች ዋናውን ዘንግ በሦስት ስፍራ ብቻ የሚይዙ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት በአምስት ስፍራ ስለሚይዙት የበለጠ ጽኑ ናቸው። ከ1967 መጨረሻ በኋላ በወጡት ደግሞ አውቶሞቢሉ ሳይቆም ወደ አንደኛ ማርሽ መመለስ ቀላል ሆኗል። በ1974 መጨረሻ በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ፊቱንና ኋላውን ከግጭት የሚጠብቀው የሚያብረቀርቅ ብረት ቀርቶ በትልቅ ጥቍር ጎማ ተተካ፤ አካሉም ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ። በዚህ ምክንያት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማዘንበል አበዛ፤ በ1976 ግን ይህ ጕድለት በተጨመሩት ብረቶች ተሻሻለ። የሚያብረቀርቅ ብረት ያላቸው ውድ፥ ጥቍር ጎማ ያላቸው ርካሽ ሆነው ቆይተዋል። ለመልክ የማይጨነቅ ቤተ ሰብ ደፉ ጤነኛ የሆነ ባለ ጥቍር ጎማ ቢመርጥ፥ ደፉ ከታመመው ባለሚያብረቀርቅ ብረት የተሻለ ንብረት ያገኛል።

ለሽያጭ የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አንደኛው ናቸው። አንዱ በቅርቡ አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደ መስታወት የሚያበራው ነው። ሁለተኛው አንድ ሰው ብዙ ዓመት የያዘው፥ ቀለሙ የደበዘዘ፥ መቀመጫው ያረጀ፥ ነገር ግን የጥገናው ደረሰኝ ሁሉ በአንድ መዝገብ የተሰበሰበለት ነው። ሦስተኛው ፈራርሶ ዕቃው በየሣጥኑ ሆኖ በርካሽ የሚሸጠው ነው። ይህን ሦስተኛውን ባለሙያ ካልሆነ በቀር ማንም አይግዛው፤ የጐደለውን ዕቃ ሲፈልጉ ዓመቱ ያልቃል። አንደኛውን የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት የነበረውን ብረት፥ ብየዳውም ሲሠራ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይጠይቅ፤ ሻጩ አላነሣሁም ቢል ዋጋው እንደ ተሠራ ሳይሆን እንዳልተሠራ ሆኖ ይገመት። ከ1988 ጀምሮ የአካሉ ብረት በመላው አዲስ ሆኖ እየተሠራ ስለ ተሸጠ፥ ይህ የገባለት ከሆነ ግን የሚያስመሰግን ነው። እኛ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። ቀለም ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ሊቀባ ይችላል፤ ያልታወቀ ዝገት ግን ገንዘብ እስኪገኝ አይጠብቅም።

ብረቱ ከተመረመረ በኋላ ሞተሩ ይታይ። ገዢው ሲደርስ ሞተሩ አስቀድሞ የሞቀ ከሆነ ቀዝቅዞ አልነሣ የሚለውን ሕመም ለመሸፈን ሊሆን ይችላልና፥ ቀዝቅዞ እንዲቆየው ይንገር። ሞቆ በደህና ፍጥነት ሲሄድ የዘይቱ ግፊት ከ50 ፓውንድ ባያንስ መልካም ነው፤ ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። እግርን ከቤንዚኑ ላይ ሲያነሡ ማርሹ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው ደክሟል። ቸርኬው እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠረ ከሆነ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ እንደ ሆነ ጆሮ መስጠት ነው፤ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነውና። የፊተኛው ጎማ ማዞሪያም ግራሶ በየጊዜው ካልተሰጠው ያልቃል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በእንግሊዝ ገበያ ከ2000 ጀምሮ ስለ ቀረ፥ የቴስታታው የቫልቮላ መቀመጫ በጽኑ ብረት ተለውጦ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ከ2021 ወዲህም አልኮል የበዛበት ቤንዚን ስለ ተለመደ፥ አሮጌ የቤንዚን ጎማ ቱቦ እንዲህ ያለውን አይችልምና አልኮሉ አነስተኛ የሆነውን መጠቀም ይገባል። እነዚህ ሁሉ የሚጠገኑ ናቸው፤ ቢሆንም እያንዳንዱ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ወረቀቱም ይመርመር። በሞተሩና በአካሉ ላይ የተጻፈው ቍጥር ከመዝገቡ ጋራ ይተያይ። በጌይደን ያለው የእንግሊዝ የሞተር ሙዚየም አውቶሞቢሉ የተሠራበትን ቀን፥ የመጀመሪያ ቀለሙንና የተላከበትን አገር ከፋብሪካው መዝገብ አውጥቶ በክፍያ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። የቀድሞውም የመንግሥት ምርመራ ውጤት ከ2005 ወዲህ ያለው በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ እዚያ ስለ ዝገት ተጽፎ ከሆነ፥ የተጠገነበትን ደረሰኝ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ከአሜሪካ ደረቅ አገሮች የተመለሱት ብረታቸው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ መሪያቸው ግን በግራ ነው፥ ፀሐይም መቀመጫቸውን ያቃጥለዋል።

በመጨረሻም ስለ ቤት ጕዳይ አንድ ቃል እንጨምራለን። ባል አውቶሞቢል ለማየት ሲሄድ ብቻውን አይሂድ፤ ሚስቱ ልትገዛ የወደደች እንደ ሆነም እንዲሁ። አንዱ በአውቶሞቢሉ ሲማረክ ሌላው ደረሰኙን ያነባል፥ የበሩንም ክፍተት ያያል። ከመሄዳቸውም በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆነውን ገንዘብ ለይተው በወረቀት ይጻፉ፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የቤት ኪራይ ለደፍ ብየዳ እንዳይውል ይጠነቀቁ። በዚያው ቀን ካልገዛችሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል የሚል ሻጭ ቢገጥማቸው፥ እርሱ እንዲወስደው ይተዉለት። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሠራ ነገር ስለ ሆነ ሌላ ይገኛል፤ የቸኰለ ግን አፍሶ ይለቅማል። ደፉ ጤነኛ፥ ወረቀቱ ሙሉ፥ ቀለሙ ደብዛዛ የሆነውን የመረጠ ቤተ ሰብ፥ ምናልባት በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤት ባያደንቅለትም፥ ሳይሠጋ የሚሳፈርበትን ንብረት አግኝቷል።