ሴት ተመራማሪዎች፦ ከመግቢያ ነጥብ በኋላ ያለው ጥያቄ

በአገራችን የሴቶች የከፍተኛ ትምህርት ተሳትፎ ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመግቢያ ነጥብ አያልፍም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከታሪክ የወረሱት የበታችነት እንዲካካስ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ደንግጓል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ሴት ተማሪዎችን ዝቅ ባለ ነጥብ ሲቀበሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ፒኤችዲ፣ ከሌክቸረርነት ወደ ፕሮፌሰርነት በተወጣ ቁጥር ሴቶች እየተመናመኑ ይሄዳሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ቢጀምርም፣ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር የሚባሉት የባዮሎጂ ምሁሯ የዓለምፀሐይ መኮንን ማዕረጉን ያገኙት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የመግቢያው ድጋፍ ብቻውን አይበቃም፤ መፈተሽ ያለበት ተመራማሪ የሚመዘንበት መንገድ ነው።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እንደ ዩኔስኮ መረጃ ከዓለም ተመራማሪዎች ሴቶቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ ናቸው። ምዘናው ራሱ ሊያዳላ እንደሚችልም ማስረጃ አለ። በስዊድን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ለሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያመለከቱ ሴቶች ከወንዶች እኩል የብቃት ነጥብ ለማግኘት ከአማካይ ወንድ አመልካች 2.5 እጥፍ የሚበልጥ የኅትመት ውጤት እንደሚያስፈልጋቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 127 የአሜሪካ የሳይንስ መምህራን በስም ብቻ የሚለያይ አንድ ዓይነት የሥራ ማመልከቻ ተሰጣቸው፤ የወንድ ስም ያለበትን የተሻለ ብቃት ያለው ነው ብለው ከፍ ያለ ደመወዝ መደቡለት። ሴት መምህራንም ከወንዶቹ የተለየ ፍርድ አልሰጡም። አድልዎው ከክፉ ሐሳብ ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ሁለተኛው መሰናክል ጊዜ ነው። የማዕረግ ዕድገት ኅትመትና የአገልግሎት ዘመን ይጠይቃል፤ ስም የሚገነባባቸው ዓመታት ደግሞ ከመውለጃና ልጅ ከማሳደጊያ ዓመታት ጋር ይገጥማሉ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሌሊት የላቦራቶሪ ሥራና የመስክ ጉዞ ግን የሕፃናት ማቆያና የቤት ውስጥ እገዛ ይፈልጋል። በየኮሚቴው ሴት አባል እንድትኖር ሲፈለግም ጥቂቶቹ ሴቶች ብዙ ስብሰባ ይደርሳቸዋል፤ ያ ሰዓት ግን ለማዕረግ እንደ ኅትመት አይቆጠርም። መፍትሔውም ጥንቃቄ ይሻል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልጅ ለወለዱ መምህራን፣ እናትም ሆኑ አባት፣ የቋሚ ቅጥር (ቴኑር) ግምገማ ጊዜ እንዲራዘም ተደርጎ ነበር። በ50 ዋና ዋና የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ግን መመሪያው የወንዶቹን ቋሚ የመሆን ዕድል ከፍ አድርጎ የሴቶቹን እንደቀነሰ አሳየ።

«ሳይንስ ፆታ አያውቅም፤ ብቃት ብቻ ይመዘን» የሚሉ አሉ። መርሁ ልክ ነው፤ ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የሚሉት ግን ብቃት በትክክል አልተመዘነም ነው። ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ነው፤ በዚህ ሙከራ መምህራን እኩል ብቃት ካላቸው የረዳት ፕሮፌሰርነት ዕጩዎች ሴቶችን በሁለት እጥፍ መርጠዋል። ይህን ማስረጃ መሸሽ አይገባም። የሚነግረን አድልዎ በሁሉም ደረጃ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው፤ ደግሞም የሚመለከተው እስከ ቅጥር ጠረጴዛ የደረሱትን እንጂ በመንገድ የቀሩትን አይደለም። እንግዲህ ድጋፉ በጅምላ ከሚታደል፣ ሴቶች የሚቀሩበት ደረጃ ተለይቶ እዚያው ቢሰጥ ይሻላል።

ለዚህ መነሻው ቆጠራ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1999 በወንድና በሴት መምህራኑ መካከል ያለውን ልዩነት በአደባባይ ያመነው፣ የተቋሙ ፕሮፌሰር ናንሲ ሆፕኪንስና ባልደረቦቿ የላቦራቶሪ ስፋት፣ ደመወዝና የምርምር ገንዘብ ክፍፍልን በማስረጃ ካቀረቡ በኋላ ነበር። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች በየማዕረጉ ስንት ሴት እንዳለ፣ ስንቷ ለዕድገት አመልክታ ስንቷ እንዳገኘች፣ የምርምር ገንዘቡ ለማን እንደደረሰ በየዓመቱ ይፋ ያድርጉ፤ ሕግ የሚያዝዘውን የሕፃናት ማቆያም ይክፈቱ። ይህን ሳያደርጉ ስለ እኩልነት የሚያወጡት መግለጫ ሁሉ ከወረቀት አያልፍም።