ወረቀቱን እንለካ ወይስ ሳጥኑን?

እንደሚታወቀው ግራፍ አንዱ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው። ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ሲለጠፉ ተማሪው ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት በዓይኑ ያወዳድራል። ችግሩም የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው።

የምዕራብ ጎጃምን የተማሪ ብዛት በአግድም ባር ልናሳይ ነው እንበል። በአንዱ ወረቀት ቡሬንና ቋሪትን፣ በሌላው ጃቢ ጠህናንንና የፍኖተ ሰላም ከተማ አስተዳደርን ጻፍን። የሁለቱም ወረቀቶች ወርድ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። አጫጭሮቹ ስሞች 2 ሴንቲ ሜትር ቢወስዱ ለባሮቹ 14 ይተርፋል፤ ረጃጅሞቹ 5 ቢወስዱ ግን የሚተርፈው 11 ብቻ ነው። ሚዛኑ በሁለቱም ከ0 እስከ 1000 ከሆነ፣ 500 ተማሪ በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 5.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ተማሪ ሳይጎድል ባሩ አጠረ! ስሙ የረዘመ ቦታ ተማሪው ያነሰ መሰለ ማለት ነው።

በእጅ ስንሥል ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ መጀመሪያ ሳጥኑን በማስመሪያ ለክተን ስሙን ከሳጥኑ ውጭ እንጽፋለንና። ኮምፒዩተር ግን የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የፈጠሩት አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ጂጂፕሎት 2 የሚባል የግራፍ መሥሪያ አለው። ግራፉ የሚቀመጠው ጂጂሴቭ በሚለው ትእዛዝ ነው። ታዲያ ለዚህ ትእዛዝ የምንሰጠው ወርድና ቁመት የጠቅላላው ገጽ እንጂ የሳጥኑ አይደለም። ስሙም ርእሱም መግለጫውም ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ሳጥኑ የተረፈውን ይይዛል፤ ያው ከላይ ያየነው ጣጣ መጣ።

መፍትሔው ሳጥኑን ማስቀደም ነው። ኤግ (እንቁላል መሆኑ ነው) በተባለው ተጨማሪ ጥቅል ውስጥ ያለው ሴት ፓነል ሳይዝ የሳጥኑን ልክ፣ ለምሳሌ 11 በ7 ሴንቲ ሜትር ብሎ ይወስናል። ከዚያ ገጹን በረጅሙ ስም ልክ ሰፋ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ገጹ ከጠበበ ሳጥኑ አያንስም፤ ዳር ዳሩ ይቆረጣል እንጂ። ስለዚህ ፋይሉን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። መለኪያውም ሴንቲ ሜትር መሆኑን መጻፍ አለብን፤ ዝም ካልነው በኢንች ይወስደውና 16 ያልነው ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የሳጥን እኩልነት ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ የሚዛኑም መነሻና መድረሻ በሁለቱም ግራፎች አንድ ይሁን። በፒዲኤፍ ስናስቀምጥ በተለመደው መንገድ ከሄድን የግእዝ ፊደላችን ነጥብ ነጥብ ሆኖ ስለሚቀር ካይሮ ፒዲኤፍ የሚለውን መምረጥ ይሻላል። ግራፉን ወደ ጽሑፍ ገጽ ካስገባን በኋላ ጥጉን ይዞ መጎተት የለም፤ ያ ሁሉ ልኬት ገደል ይገባል።